ናይሮቢ ለሚወርድ ቤዚስት፣ በጆሮ

ወንድሜ፣ የጓዳውን ልንገርህ። ናይሮቢ ውስጥ በትልቅ ኮንሰርት ላይ ከቤዚስቱ ኋላ ተገትሮ የምታየው ቁም ሳጥን የሚያህል ስፒከር፣ ብዙ ጊዜ ሕዝቡ የሚሰማው አይደለም። ሕዝቡ የሚሰማው ከአምፑ በኬብል ወደ ሚክሰር ሄዶ በአዳራሹ ሳብዉፈር የወጣውን ቤዝ ነው። ትልቁ ሳጥን ለቤዚስቱ፣ ለድራመሩ፣ ደግሞም ለፎቶ ነው። ሳውንድ ማኑ ይህን ስለሚያውቅ በሳውንድ ቼክ መጀመሪያ የሚልህ «ቀንስልኝ» ነው።

ያ ሳጥን አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ባለ 10 ኢንች ስፒከር የተደረደረበት፣ አምፔግ የተባለው ፋብሪካ ሥራ ነው። ከአዲስ አበባ ድምፃዊ ሲመጣ፣ በተለይ በእንቁጣጣሽና በፋሲካ ሰሞን፣ ለፕሮሞተሩ በሚላከው የዕቃ ዝርዝር ላይ በስሙ ይጠየቃል። የሚጠይቀው ሰው ግን ለምን እንደሚጠይቀው ብዙም አያስብም። አምፔግ ይህን ዕቃ በ1969 እ.ኤ.አ. ሲያወጣው 300 ዋት ከሚሰጥ ባለ ቲዩብ አምፕ ጋር ነበር፤ ሮሊንግ ስቶንስም በዚያው ዓመት በአሜሪካ ጉዟቸው ተጠቅመውበታል። በዚያን ዘመን የአዳራሽ ሳውንድ ሲስተም የድምፃዊውን ማይክ ከተሸከመ ትልቅ ነገር ነው፤ ቤዝ አዳራሽ የሚሞላው ከመድረክ ከተነሳ ብቻ ነበር። ዛሬ ያ ችግር የለም። ሳጥኑ ግን ከ63 ኪሎው ጋር አብሮን ቀርቷል።

ሌላም የማይወራ ነገር አለ። ፋብሪካው ራሱ ባወጣው መለኪያ ይህ ሳጥን ከ58 ኸርዝ በታች መድከም ይጀምራል፤ 40 ላይ ሲደርስ 10 ዴሲቤል ወርዷል። የቤዝ ጊታር ኢ ክር ባዶውን ሲመታ 41 ኸርዝ ነው፤ ባለ አምስት ክር ከያዝክ ቢው 31 ገደማ ይወርዳል። እንግዲህ ዓለም የተስማማበት «ወፍራም» ሳጥን የቢ ክርህን መሠረታዊ ድምፅ አያወጣውም ማለት ይቻላል። የምትሰማው ከእሱ በላይ የተደራረቡትን ድምፆች ነው፤ የጎደለውን የሚሞላው የራስህ ጆሮ ነው። ስለዚህ ጥልቀት ፈልጎ ትልቅ ሳጥን የሚገዛ ሰው ከሚከፍለው ገንዘብ ይልቅ የሚከፍለው ወገብ ይበልጣል። የሳጥን ሕግ ደረቅ ነው፦ ትንሽ መጠን፣ ጥልቅ ድምፅ፣ ከፍተኛ ጉልበት፤ ሁለቱን ትመርጣለህ፣ ሦስተኛውን ትተዋለህ።

አሁን ወደ እንጀራችን እንምጣ። ኮንሰርቱ በዓመት ስንቴ ነው? የሳምንቱ ሥራ ያለው ኪሊማኒ፣ ሀርሊንግሃምና ኢስትሊ ባሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ነው። እዚያ የቤቱ ሳውንድ ሲስተም ማለት በእግር ላይ የቆሙ ሁለት ስፒከሮች ናቸው፤ ሳብዉፈር ብዙ ጊዜ የለም፤ ኪቦርዱም ድምፃዊውም ማሲንቆውም በእነሱ ይወጣል። ቤዙን እዚያ ውስጥ ካስገባኸው ድምፃዊውን ያፍነዋል። በእነዚህ ቤቶች ያንተ ሳጥን የሕዝቡም ቤዝ ነው፤ ምርጫህን ማድረግ ያለብህም ለእነሱ ነው እንጂ ለእንቁጣጣሹ መድረክ አይደለም።

ግን ጉልበት እንዳያታልልህ። በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የናይሮቢ ካውንቲ ገዥ ጆንሰን ሳካጃ በመኖሪያ ሰፈር ያሉ የምሽት ክለቦች ፈቃዳቸው እንዲነሳ ካዘዙ ወዲህ የቤቶቹ ባለቤቶች ጆሮ ቆሟል። ከዚያም በፊት በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የአገሪቱ ደንብ ልክ ያለፈ ድምፅን ብቻ ሳይሆን ንዝረትንም ይቆጣጠራል። ግድግዳ አልፎ ጎረቤት አልጋ ላይ የሚደርሰው ደግሞ የድምፃዊዋ ዜማ ሳይሆን ያንተ ቤዝ ነው። ባለቤቱ እጁን እያወዛወዘ ወደ መድረክ ሲመጣ ወደ ማን እንደሚመጣ ገምት።

ስለዚህ የኔ ምክር፦ አንድ ትልቅ ሳይሆን ሁለት ትናንሽ ሳጥን ያዝ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከር ያላቸው፣ እያንዳንዳቸው 8 ኦም። ለትንሽ ቤት አንዱን ይዘህ ትሄዳለህ፤ ሳብ ለሌለው አዳራሽ ሁለቱንም። ዘመናዊው ቀላል አምፕ በ4 ኦም 500 ዋት ይሰጣል ከተባለ በ8 ኦም ከግማሹ ትንሽ ከፍ ያለ ነው የሚሰጥህ። ሁለተኛውን ሳጥን ስትሰካ ግን ጭነቱ 4 ኦም ይሆናል፤ አምፑ ሙሉ ጉልበቱን ያወጣል፤ አየሩን የሚገፋው የስፒከር ስፋትም ይጨምራል። ሁለቱ ተደምረው እስከ 6 ዴሲቤል ሊሰጡህ ይችላሉ፤ ይህን ማንኛውም ጆሮ ይለየዋል። ሁለት ባለ 4 ኦም ከገዛህ ግን 2 ኦም ላይ ትወድቃለህ፤ ብዙዎቹ ትናንሽ አምፖች ያንን አይችሉም። ማግኔታቸው ኒዮዲሚየም ከሆነ አንዱን በአንድ እጅ ታነሳዋለህ፤ ሁለቱም ቪትዝ መኪና ውስጥ ይገባሉ። ናይሮቢም እንደ አዲስ አበባ በቪትዝ ትኖራለች፤ ትልቁን ሳጥን ያየ የታክሲ ሹፌር ደግሞ ጉዞውን ሰርዞ ይሄዳል።

ሁለቱን ጎን ለጎን አታስቀምጥ፤ አንዱን በአንዱ ላይ ጫን። ያኔ የላይኛው ወደ ጆሮህ ይቀርባል፤ መሐለኛው ድምፅም ወደ ጎን ተዘርግቶ ለድራመሩና ለኪቦርዲስቱ ይደርሳል። ባንድ ውስጥ «ቤዙ አይሰማኝም» የሚለው ሰው ሳጥኑ ጉልበት አንሶት ሳይሆን ጉልበቱ ላይ አነጣጥሮበት ነው። ግድግዳውን ደግሞ ሥራ ላይ አውለው። ሳጥኑን ከግድግዳ አጠገብ አስጠግተህ ስታቆመው ቤዙ በነፃ ይጨምርልሃል። ስፒከሩ ከግድግዳው አንድ ሜትር ከራቀ ግን ተመላሹ ድምፅ 86 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ይሰርዘዋል፤ እሱም ኢ ክር ላይ ካለው ከመጀመሪያው ኤፍ አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለው ኤፍ ነው። አንድ ኖት ብቻ ጠፍቶብህ ክሩን የምትወቅስበት ምሽት ካለ መጀመሪያ ግድግዳውን እይ። ክፍት ግቢ ውስጥ ይህ ሁሉ የለም፤ ግድግዳ ስለሌለ ቤዙ ይበተናል፤ ሁለተኛው ሳጥን ለዚያም ያስፈልግሃል።

የኬንያ ሳውንድ ማን ጆሮው የተሠራው በቤንጋና በሩምባ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. የተነሣውን ሌ ዋንዪካ የተባለውን ባንድ ስማ፤ የቶም ማላንጋ ቤዝ ዜማ እየተናገረ ይሄዳል እንጂ ወለል አያንቀጠቅጥም። ይህ ለእኛም ይጠቅመናል። ችክችካ ስትመታ እያንዳንዱ ምት ከድራሙ ጋር ተቆርጦ ካልወጣ ሕዝቡ እስክስታው ላይ ይዘገያል። ጥልቁ ድምፅ ሲንጓጓ ስድስቱ ምት እርስ በርሱ ይለጠፋል። እኔ ምንጊዜም ከ40 ኸርዝ በታች ያለውን ቆርጬ ነው የምጫወተው፤ ስፒከሩ ያርፋል፣ ምቱ ይጠራል፤ ጎድሏል ያለኝ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ዕቃ ልትገዛ ሉቱሊ አቬኑ ከወጣህ ጀርባው ላይ 2000 ዋት የተጻፈበትን ሳጥን አይተህ እለፍ። ጠይቅ፦ ያለማቋረጥ የሚችለው ስንት ዋት ነው? በ1 ዋት፣ 1 ሜትር ላይ ስንት ዴሲቤል ያወጣል? በዚህ መለኪያ 3 ዴሲቤል የሚበልጥ ሳጥን ማለት ግማሽ ዋት ሰጥተኸው እኩል የሚጮህ ነው። ሻጩ መልስ ከሌለው ራስህ መልቲሜትር አውጣ። 8 ኦም የተባለው ጤነኛ ሳጥን 6 ገደማ ያሳይሃል፤ ባለ 4ቱ 3 ተኩል ገደማ። ምንም ካላሳየህ ኮይሉ ሳይቃጠል አልቀረም። ከዚያ የስፒከሩን ፊት በሁለት እጅህ እኩል አድርገህ በቀስታ ግፋ፤ ውስጡ ከፈገፈገ ተወው። ማዕዘኑንም ዳስስ፤ ከተጨመቀ ብናኝ እንጨት የተሠራ ሳጥን በመጋቢትና በሚያዝያ ዝናብ አብጦ ታገኘዋለህ፤ ፕላይውድ ይሻላል።

መብራቱም አንድ ነገር ነው። እዚህ 240 ቮልት ነው፤ ሶኬቱም ለሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው። ከአዲስ አበባ ባለ ሁለት ክብ እግር አምፕ ይዘህ መጥተህ በርካሽ መቀየሪያ ከሰካኸው ኧርዙ ይቀራል፤ ሳጥኑ ሌሊቱን ሙሉ ያጉረመርማል፤ ማይክ ከንፈርህን ሲነካህም ሊነዝርህ ይችላል።

ለፕሮሞተሩ መልእክት ስትልክ የስፒከር ስም አትጻፍለት፤ ይልቅ ይህን ጠይቀው፦ ቤቱ ሳብዉፈር አለው ወይ? ቤዙን ወደ ሚክሰር የሚያስገባ ዲአይ ቦክስ አለ ወይ? አምፑን ከሳጥኑ የሚያገናኘውን የስፒኮን ኬብል ማን ያመጣል? አራተኛ ፎቅ ከሆነ ሊፍቱ ይሠራል ወይ? ሳብ አለ ካለህ አንዱን ሳጥን ቤት ተወው።