የሺንካንሰን መብራት የት ነው የሚበራው?

ስለ ጃፓኑ ፈጣን ባቡር ስለ ሺንካንሰን ሲወራ ሁሉም የሚያነሣው ፍጥነቱንና ሹል አፍንጫውን ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ፎቶ የማይነሣው ክፍሉ፣ የሲግናል ሥራው ነው።

የመጀመሪያው መስመር ቶኪዮን ከኦሳካ ያገናኛል፤ 515 ኪሎ ሜትር ነው። የተከፈተው መስከረም 21 ቀን 1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ የወሰደበት የቶኪዮ ኦሎምፒክ ሊጀመር ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። የዓለም ባንክ 80 ሚሊዮን ዶላር አበድሯል። ወጪው ከታቀደው በላይ በመናሩ፣ የደከሙለት የምድር ባቡሩ ፕሬዚዳንት ሺንጂ ሶጎና ዋና መሐንዲሱ ሂዴዎ ሺማ ሳይመረቅ ከሥራቸው ለቀዋል። መስመሩን የመኪና መንገድ አንድም ቦታ አያቋርጠውም።

ብዙ ሰው፣ ጋዜጠኞችም ጭምር፣ ነጂው ከሐዲዱ ዳር መብራት እያየ የሚሄድ ይመስላቸዋል። እባካችሁ ይህን አትጻፉ። ባቡሩ ገና ሲጀምር በሰዓት 210 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር፤ በሰከንድ 58 ሜትር ማለት ነው። በዚያ ፍጥነት ቀይ መብራት አይቶ ፍሬን የያዘ ነጂ የሚቆመው መብራቱን ብዙ ካለፈ በኋላ ነው። ጉም ከወረደማ ጭራሽ አያየውም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ምልክቱን ወደ ነጂው ክፍል አስገቡት። የተፈቀደለት ፍጥነት፣ 210 ወይም 160 ወይም 110፣ እያለ እስከ 30፣ ከፊቱ ይበራለት ነበር። ከዚያ ካለፈ ባቡሩ ራሱ ፍሬን ይይዝ ነበር።

መልእክቱ የሚደርሰው በሐዲዱ በራሱ ነው። መስመሩ በክፍል በክፍል ተከፍሎ፣ በየክፍሉ በሁለቱ ብረቶች ላይ አነስተኛ ኤሌክትሪክ ይላካል። ባቡር ሲገባ ጎማዎቹና አክስሉ ሁለቱን ብረቶች ያገናኟቸዋል፤ ኤሌክትሪኩ ወዲያኛው ጫፍ መድረሱ ይቀራል፤ ክፍሉ መያዙ ይታወቃል። ከኋላ ወዳሉት ክፍሎች እንደ ቅርበታቸው ዝቅ ያለ ፍጥነት ይተላለፍ ነበር፤ ተከታዩ ባቡር ከሆዱ ሥር ባለ መቀበያ ያነበው ነበር።

ሐዲዱ ተሰብሮ ቢለያይስ? ያኔም ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፤ ሥርዓቱ እዚያ ባቡር እንደቆመ ቆጥሮ የሚመጣውን ያስቆማል። ሽቦ ቢበጠስም፣ ኃይል ቢጠፋም ያው ነው። ብልሽቱ የትም ይምጣ፣ የታሰበው ውጤት መቆም ነው። መሠረቱ የቆየ ዘዴ ነው፤ አሜሪካዊው ዊልያም ሮቢንሰን ባቡር መኖሩን በሐዲድ ኤሌክትሪክ የሚታወቅበትን መንገድ የፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1872 ነበር። ከዚህ የበለጠ ብልህ ፈጠራ በባቡር ታሪክ አላውቅም።

ታዲያ ነጂው ሥራ ፈት ነበር የሚሉ አሉ፤ ተሳስተዋል። ፍጥነቱ ከ30 ሲወርድ ባቡሩን ጣቢያው ላይ፣ በሮቹ ከተሰመረላቸው ቦታ ትክክል የሚያቆመው እሱ ነበር።

ፈጣን ባቡር ሲታሰብ የግንባታውን ዋጋ ብቻ የሚጠይቁ ሰዎች ስለ ሌሊቱም ቢጠይቁ ደስ ይለኛል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ተሳፋሪ የጫነ ባቡር አይንቀሳቀስም፤ መስመሩ የጥገና ሠራተኞች ነው። የመጀመሪያው ባቡር ከመነሣቱ በፊትም በሐዲዱ ላይ የቀረ ዕቃ እንደሌለ የሚያጣራ ተሽከርካሪ መስመሩን ይፈትሻል።