የጨረቃው ገዥ በጉንደ ወይን

አንዳንድ ሰው ወጥ ሳይቀምስ «ጨው በዝቶበታል» ይላል። እኔም በፊልም ነገር ከእነዚህ ሰዎች አንዱ እንደ ነበርኩ ለአንባብያን ሳልደብቅ መናገር እወዳለሁ።

ዩኒቨርሲቲ በነበርንበት ጊዜ ማታ ማታ የማደሪያችን ተማሪ በሁለት ወገን ይከፈል ነበር። አንደኛው ወገን የእንግሊዝን እግር ኳስ የሚከታተል ሲሆን፣ ሁለተኛው ከኮሪያና ከቻይና የመጡ ተከታታይ ፊልሞችን በፍላሽ እየተቀባበለ እስኪነጋ ድረስ የሚያይ ነበር። እኔ ከሁለቱም አልነበርኩም። በተለይም የቻይናዎቹ የሰማይ ተረቶች ትዕግሥቴን ይጨርሱት ነበር። ዕድሜው ሠላሳ ሺህ ዓመት የሆነ ሰው መልኩ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነው፤ ከመዳፉ ብርሃን እየወረወረ ይዋጋል፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ደግሞ ጸጉሩ ሳይበታተን አበባው በሚረግፍ ዛፍ ሥር ቆሞ አንዲት ኮረዳ ላይ ዓይኑን ተክሎ ይቀራል። «ይህ ለሕፃን እንጂ ለተማረ ሰው አይሆንም» እያልኩ እፈርድ ነበር። ፍርዴን የሰጠሁት ግን ከአንዱም ፊልም ሩብ ሰዓት እንኳ ሳላይ ነበር።

ባለፈው ክረምት ለዓመት ዕረፍቴ ወደ ተወለድኩበት አገር ወደ ጉንደ ወይን ሄድኩ። ጉንደ ወይን በምሥራቅ ጎጃም የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከተማ ናት። የደጋን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዝናቡ ከቀትር በኋላ አንድ ጊዜ ከያዘ አይለቅም፤ ጭቃው ከደጅ አያስወጣም። ሰው ያለው አማራጭ ምድጃ ዳር ተቀምጦ የተቀቀለ ድንች እየላጡ መጫወት ብቻ ነው። አያቴ ጥጥ ይፈትላሉ፤ ታናሽ እኅቴ ደግሞ የእኔን ላፕቶፕ ከነጠቀችኝ በኋላ ከጓደኛዋ የተዋሰችውን ፍላሽ ሰክታ አንድ ፊልም ከፈተች።

ፊልሙ ቻይናውያን «ጻንግ ላን ጁዌ» የሚሉት፣ በሌላው ዓለም ግን «የሰማይቱ ልጅና የጋኔኑ ፍቅር» እንደ ማለት ባለ ስም የታወቀው ሲሆን፣ ጁሉ ፌይሺያንግ የተባለች ደራሲ ከጻፈችው ልብ ወለድ ተወስዶ በ2014 ዓ.ም. ክረምት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2022፣ በ36 ክፍል የታየ ነው። «ጋኔን» የሚለውን ቃል አያቴ በሰሙ ጊዜ አማትበው እንዝርታቸውን አስቀመጡ። እኔም አጋጣሚውን ተጠቅሜ፣ «እይ! እምዬን እንኳ አስደነገጥሻቸው፤ ይልቅ ዜና ክፈችልን» አልኩ።

እኅቴ ግን፣ «ወንድምዓለም፣ አንድ ክፍል ብቻ እይና ከዚያ በኋላ ስደበው» አለችኝ። ነገሩ ፍትሐዊ ስለ ነበረ ተቀመጥኩ።

እዚህ ላይ ፊልሙን እንዴት እንዳየነው መናገር ይገባኛል። ተዋንያኑ የሚናገሩት በቻይንኛ ነው፤ ከሥር የሚጻፈው እንግሊዝኛ ነው፤ አያቴ ደግሞ ከአማርኛ ሌላ አያውቁም። ስለዚህ እኅቴ ጽሑፉን በዓይኗ እየተከተለች በጎጃም አማርኛ ትተረጉምላቸው ነበር። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር የቱርክንና የሌላውን አገር ተከታታይ ፊልም በአማርኛ ድምፅ እያለበሰ ማቅረቡና «ባህላችንን ያጠፋብናል፣ የአገር ፊልም ሠሪውን ያዳክምብናል» የሚል ብርቱ ክርክር ማስነሣቱ የሚታወስ ነው። እኅቴ ይህንኑ ሥራ ያለ ስቱዲዮና ያለ ደመወዝ ምድጃ ዳር ስትሠራው ስሰማ ሳቄ መጣ። የሰማይ ጦር አዛዡ በእኅቴ አፍ፣ «እረ እንዴት ሰነበታችሁ!» ሲል መስማት ራሱን የቻለ ጨዋታ ነበር።

ታሪኩ ባጭሩ የሚከተለው ነው። በሰማይ አገር ሺያው ላንኽዋ፣ ማለት ትንሿ የኦርኪድ አበባ፣ የምትባል ልጅ አለች። ሥራዋም የሰዎች ዕጣ የተጻፈባቸውን መጻሕፍት መጠገን ነው። በእኛ አነጋገር የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ማዕረጓ ዝቅተኛ፣ ኃይሏ ትንሽ፣ የሚያከብራትም የለም። ዶንግፋንግ ቺንግጻንግ የተባለው ደግሞ የጨረቃ ነገድ ገዥ ሲሆን፣ ብርቱነቱ ሰማይን ሁሉ ስላስፈራ ሠላሳ ሺህ ዓመት በግንብ ታስሮ ኖሯል። ልጅቱ ወደ ግንቡ ገብታ ሳታውቀው ታስፈታዋለች፤ ከዚያም ሰውነታቸው ተለዋውጦ የእሱ ነፍስ በእሷ፣ የእሷም ነፍስ በእሱ አካል ውስጥ ይገኛል። አስፈሪው ገዥ በአንዲት ቀጭን ልጅ አካል ሆኖ ሲቆጣ ማየት እኔን አላሳቀኝም ብል ውሸት ይሆናል።

ይሁን እንጂ የነገሩ ፍሬ ከዚህ በታች ነው። ቻይናውያን ጥንት የሥርዓት መጽሐፍ በሚሉት መጽሐፋቸው ሰባት ስሜቶችን ይቆጥራሉ፤ እነርሱም ደስታ፣ ቁጣ፣ ሐዘን፣ ፍርሃት፣ ፍቅር፣ ጥላቻና ምኞት ናቸው። የጨረቃው ገዥ በልጅነቱ አባቱ ሰባቱንም ከልቡ ነቅሎበታል። ምክንያቱም የሚያቃጥለውን ታላቅ እሳት ሊገዛ የሚችለው ምንም የማይሰማው ሰው ነው ተብሎ ስለ ታመነ ነው።

አያቴ ይህን ሲሰሙ፣ «ምን ዓይነት አባት ነው? ጌታ ላድርገው ብሎ ሰው መሆኑን ነጠቀው!» አሉ።

እኔ ከዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ይዤ የመጣሁት ሰው ገና «እሳቱ በኮምፒዩተር የተሠራ ነው» እያልኩ ስተች፣ እርሳቸው የታሪኩን አንጓ ይዘውት ነበር። በኋላ ባስበው ነገሩ የሚያስደንቅ አይደለም። ገድልና ድርሳን፣ ተአምርም ሲነበብ ሲሰሙ ላደጉ ሴት፣ ሰማይና ምድር የሚነጋገሩበት ታሪክ እንግዳ አይሆንባቸውም። «ሊሆን ይችላል ወይስ አይችልም?» ብለው አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት፣ «ማን ምን ቃል ገባ? ቃሉንስ ጠበቀ ወይ?» ብለው ነው።

ይህን ዓይነቱን ተረት የሚንቅ ሰው እኔ ብቻ አልነበርኩም። ፑ ሶንግሊንግ የተባለው ቻይናዊ ደራሲ (እ.ኤ.አ. 1640–1715) በመናፍስትና የሰውን መልክ በሚለብሱ ቀበሮዎች ታሪክ አምስት መቶ የሚጠጉ አጫጭር ትረካዎችን ጽፏል። ይህ ሰው በወጣትነቱ የመጀመሪያውን የመንግሥት ፈተና በከፍተኛ ውጤት ካለፈ በኋላ የሚቀጥለውን ፈተና ደጋግሞ ወድቆ፣ ኑሮውን በማስተማር ገፍቶ፣ ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ ብቻ አነስተኛ ማዕረግ አገኘ። የፈተናን ነገር የሚያውቅ ተማሪ ይህን ሲሰማ ልቡ ሳይነካ አይቀርም። በትረካዎቹ ውስጥ ጉቦ የሚበሉ ዳኞች የሚፈረድባቸው በሲኦል ነው። በአደባባይ ስማቸውን ጠርቶ ሊናገር የማይችለውን በተረት ተናገረው ማለት ነው።

የእኛም ሥነ ጽሑፍ ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ጦቢያ የምትባለዋን ልጅ የወንድ ልብስ አልብሶ ያዘዋውራታል፤ ሴት ልጅ ወንድ መስላ የምትሄድበት ታሪክ ደግሞ ቻይናውያን ከጥንት ጀምሮ የሚወዱት ነው። የደብረ ማርቆስ አካባቢው ልጅ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በአስማት የሚበርር ሰው የለበትም፤ ነገር ግን በዛብህ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ልጅ በመሆኑ፣ ከሰብለ ወንጌል ጋር ያለው ፍቅር ከፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት ጋር ብቻ ሳይሆን ለሰማይ ከተሰጠ ቃል ጋርም ይጋጫል። አያቴ መጽሐፉን ባያነቡትም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምተው አልቅሰውለታል። ስለዚህ ሺያው ላንኽዋን ሲያዩ፣ «ይችም እንደ ሰብለ ናት፤ ሕግ ከልቧ ጋር ተጣላባት» አሉ። እኔ በዩኒቨርሲቲ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለሦስት ወር ተምሬ፣ የቻይናውን ተረት ደግሞ ሳላይ ንቄ፣ ሁለቱን የሚያገናኘውን ክር ግን አላየሁም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የጨረቃውን ገዥ አንድ ድግምት ከልጅቱ ጋር አሰረው። የአንድ ልብ ድግምት ይሉታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷን የመታት ሁሉ እሱን ይመታዋል፤ እሷ ስታዝን እሱን ሐዘን ይይዘዋል። ገዥው ይህን መርገም ከላዩ ለማውረድ ብዙ ይደክማል። እስኪወርድለት ድረስ ግን ማንም እንዳይነካት ዘብ ሆኖ ሊጠብቃት ይገደዳል። ትናንት ስሟን የማያውቀውን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የናቁ ሁሉ በድንገት ከሰማይና ከምድር አስፈሪውን ገዥ ከፊታቸው ቆሞ ያገኙታል።

አያቴ ፈገግ ብለው፣ «ይህማ መርገም አይደለም ልጄ፤ ምርቃት ነው። ለሹም ሁሉ ይህን ያድርግለት» አሉ።

እኅቴ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም። በዚያች ሰዓት ሳላስበው አንድ ሽማግሌ ትዝ አሉኝ።

ትምህርቴን እንደ ጨረስኩ ለጥቂት ወራት በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ነበር። አንድ ቀን፣ ወደ ማታ ገደማ፣ ከሩቅ አገር የመጡ ሽማግሌ የሞተ ልጃቸውን ወረቀት ለማስጨረስ ፊቴ ቆሙ። ሰዓቱ ገና አላለቀም፤ ነገር ግን እኔ ለመሄድ ተነሥቼ ነበር። ከስልኬ ላይ ዓይኔን ሳላነሣ፣ «መዝገብ ቤት ተዘግቷል፤ ነገ ይመለሱ» አልኳቸው። ሽማግሌው ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አጠፉና በጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሩት። «እሺ ልጄ» ብለውኝ ሄዱ። በማግሥቱ አልመጡም። ከዚያም በኋላ አላየኋቸውም። መዝገብ ቤቱ ተዘግቶ እንደ ሆነ ወይም እንዳልሆነ እንኳ አልጠየቅኩም ነበር።

ማንም አባቴ ሰባቱን ስሜቶች ከልቤ አልነቀለብኝም። እኔው ራሴ ቀስ በቀስ፣ ሥልጣኔና ብልጠት መስሎኝ ስነቅላቸው ኖሬአለሁ። ተረት መናቄም የዚሁ ተራ እንደ ነበር የገባኝ ያን ማታ ነው። «ይህ ሊሆን አይችልም» እያልኩ ስከራከር፣ በእርግጥ የሆነውንና በገዛ እጄ ያደረግኩትን እንዳላይ ተጋርጄ ነበር። ስለ ቢሮ አሠራር የተጻፈ መመሪያ ብዙ አንብቤአለሁ፤ አንዱም ያን ሽማግሌ አላስታወሰኝም። ያስታወሰኝ በኮምፒዩተር እሳት የሚጫወት፣ ጸጉሩ እስከ ወገቡ የወረደ ቻይናዊ ነው።

ይህን ስል ፊልሙ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። በመሐል የሚንዛዛበት ክፍል አለ። ጦርነቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ሰው ሞተ ተብሎ ከተለቀሰለት በኋላ መልሶ ሲመጣ ዕንባዬን የከሰርኩ መስሎኝ ተናድጃለሁ። የዚህን ዓይነት ፊልም ሁሉ ከእንግዲህ እወዳለሁም አልልም፤ በኋላ ሌላ ሁለት ጀምሬ ከሦስተኛው ክፍል አላለፍኩም። ነገር ግን ቀምሼ «ጨው በዝቶበታል» ማለትና ሳይቀምሱ ማለት አንድ አይደለም።

ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ፣ በቢሮአችሁ ደጃፍ ነገ ጠዋት ጋቢ የለበሰ ሰው ይቆማል። የአንድ ልብ ድግምት የሚያውቅ ጠንቋይ እንድትፈልጉ አልመክራችሁም፤ ዓይንን ከስልክ ማንሣት በቂ ነው። ተማሪዎችም ብትሆኑ፣ እናታችሁ ወይም እኅታችሁ የምትወደውን ታሪክ «ተረት ነው» ብላችሁ ከማቃለላችሁ በፊት አንድ ክፍል ብቻ አብራችኋት ተቀመጡ።

ዕረፍቴ ያለቀው እኛ 29ኛው ክፍል ላይ ሳለን ነው። በዚያ ላይ በመጨረሻው ማታ መብራት ጠፋ፤ የላፕቶፑም ባትሪ አለቀ። አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ የቀረውን ብቻዬን አይቼ ጨረስኩት። መጨረሻውን ለአንባብያን አልናገርም፤ ለአያቴም ገና አልነገርኳቸውም። ስልክ በደወልኩ ቁጥር ስለ ጤናዬና ስለ ሥራዬ ይጠይቁኝና ቀጥለው፣ «ያ የጨረቃው ሰውስ ልቡ ተመለሰለት?» ይሉኛል።

«እየተመለሰለት ነው እምዬ» እላቸዋለሁ።