የመሣሪያ መግለጫ ግልጽነት ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳቶች

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት የመድኃኒት መጠን ለማስላት ወይም የሕሙማንን መዝገብ ለመፈለግ ሌሎች ፕሮግራሞችን በመሣሪያነት ይጠቀማል። የትኛውን መሣሪያ መቼና እንዴት መጠቀም እንዳለበት የሚወስነው በዋነኛነት የመሣሪያውን ስምና አጭር የጽሑፍ መግለጫ በማንበብ ነው። በመግለጫው ያልሰፈረውን በግምት ሊሞላው ይችላል።

ለምሳሌ «የሕፃናትን የፓራሲታሞል መጠን ያሰላል» የሚለው መግለጫ ብቻውን በቂ አይደለም። ከውጭ አገር በመጣ መዝገብ ክብደቱ 22 ፓውንድ ማለትም 10 ኪሎ ግራም ገደማ የሆነ ሕፃን 22 ኪሎ ግራም ተብሎ ቢመዘገብ፣ በኪሎ ግራም 15 ሚሊ ግራም ሲሰላ የአንድ ጊዜ መጠኑ ከ150 ወደ 330 ሚሊ ግራም ከፍ ይላል። እንደዚሁም በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ የልደት ዘመን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ቢነበብ የልጁ ዕድሜ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይጨምራል።

በመሆኑም መግለጫው የመሣሪያውን ተግባር፣ የማያገለግልበትን ሁኔታ፣ የእያንዳንዱን መረጃ መለኪያና የዘመን አቆጣጠር፣ እንዲሁም መረጃ ሲጎድል ረዳቱ ባለሙያውን መጠየቅ እንዳለበት በግልጽ ማመልከት ይኖርበታል። እነዚህን ዝርዝሮች በቅርብ የሚያውቀው የጤና ባለሙያው ስለሆነ በመግለጫው ዝግጅት ሊሳተፍ ይገባል። መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት መጠኑን ማረጋገጥም የእርሱ ኃላፊነት ነው።