በማኅተም የታሸገው ካርታና በገበታ ላይ የሚዘረጋው ካርታ

ካርታ የሚለው ቃል በአማርኛ ብዙ ትርጓሜ አለው። በመሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤት ካርታ ማለት የይዞታ ማረጋገጫ ነው፤ በተማሪ ቤት ካርታ ማለት የአገሮች ሥዕል ነው፤ በመጠጥ ቤት ጓሮ ግን ካርታ ማለት ገንዘብ የሚበላበት ጨዋታ ነው። አንድ አባት ልጁ ካርታ ይጫወታል ሲባል የሰማ እንደ ሆነ፥ ፊቱ የሚደቀነው ይህ የመጨረሻው ትርጓሜ ነውና ሳይመረምር ይቈጣል። ቍጣውም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ከሠላሳ ዓመት ወዲህ ሌላ ዓይነት ካርታ በዓለም ላይ ተስፋፍቷል፤ ይኸውም እየሰበሰቡ፥ እየተለዋወጡና እየመረጡ የሚጫወቱት ካርታ ነው። አሁንም በእጅ ስልክ ላይ ስለ ተሠራ፥ በአርባ ምንጭ ከተማ በኩልፎ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ስልኩን የሚመለከት ተማሪ፥ በቶኪዮ ከተቀመጠው ልጅ ጋራ እኩል ሊደርስበት ይችላል።

ይህ አዲስ ካርታ ቁማር ነው ወይስ የአእምሮ ጨዋታ? ለሚለው ጥያቄ መልሱ አንድ ቃል አይበቃውም። በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ነገሮች በውስጡ አሉና። አንደኛው በማኅተም ታሽጎ የሚሸጠው ወረቀት ነው፤ ሁለተኛው በገበታ ላይ ተዘርግቶ ሁለት ሰዎች በሐሳብ የሚታገሉበት ጨዋታ ነው። ሁለቱን ሳይለይ የሚከለክል ሹም ስንዴውን ከእንክርዳዱ ጋራ ይነቅላል፤ ሁለቱን ሳይለይ የሚፈቅድም የልጆችን ኪስ ለነጋዴ ይከፍታል።

የነገሩ መጀመሪያ እንዲህ ነው። (በዚህ ጽሕፈት የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በ1993 ሪቻርድ ጋርፊልድ የሚባል አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የሚባለውን ጨዋታ ደረሰ። ከዚያ አስቀድሞ የሚታወቀው ካርታ በየቤቱ አንድ ዓይነት ሆኖ 52 ብቻ ነበር። የጋርፊልድ ካርታ ግን በመጀመሪያው እትም ብቻ 295 ዓይነት ነበረ፤ ተጫዋቹም ከእነዚህ መካከል ፈቅዶ የመረጠውን፥ አሁን በጸናው ደንብ ከ60 የማያንስ ካርታ አሰናድቶ፥ የጦር አዛዥ ሠራዊቱን እንደሚያሰልፍ አሰልፎ ይቀርባል። ከመሠረታውያኑ በቀር አንድ ስም ያለውን ካርታ ከአራት በላይ ማግባት አይፈቀድም። በ1996 በጃፓን የፖኪሞን ካርታ፥ በ1999 ደግሞ ዩጊዮ የሚባለው ተከተሉት።

የፊተኛው ጨዋታ ስም አስማት ማለት ስለ ሆነ፥ በካርታውም ላይ የጠንቋይና የአውሬ ሥዕል ስለሚገኝ፥ ካህናት ቢሸሹት የሚያስነቅፍ አይደለም። በአሜሪካም ቢሆን በዚያው ዘመን ስለዚሁ ነገር የተቃወሙ ወላጆች ነበሩ። ሥዕሉን የማይወድ ሰው ሥዕሉ ሌላ የሆነ ጨዋታ ሊመርጥ ይችላል፤ የሚከብደው ጉዳይ ግን ከሥዕሉ ይልቅ በእሽጉ ውስጥ ነው።

እሽጉ የሚሸጠው ውስጡ ሳይታይ ነው። ለብዙ ዘመን የማጂክ እሽግ 15 ካርታ ይይዝ ነበር፤ ከነዚህ 11ዱ ተራ፥ 3ቱ መካከለኛ፥ 1ዱ ብቻ ብርቅ ነበር። ገዢው የትኛው ብርቅ እንደሚወጣለት ከፍቶ እስኪያይ ድረስ አያውቅም። እስቲ ብርቆቹ መቶ ዓይነት ናቸው፥ ሁሉም በእኩል ቍጥር ታትመዋል እንበልና፥ አንድ ልጅ ከመቶው አንዱን ብቻ ይፈልጋል። ልጁ መቶ እሽግ ቢገዛ መቼም አያጣውም ብሎ ያስባል። ሒሳቡ ግን እንዲህ አይልም፤ እንዲህ ካሉ መቶ ልጆች 37 የሚሆኑት መቶ መቶ እሽግ ገዝተው የፈለጉትን ሳያገኙ ይቀራሉ። አንዱ እሽግ በውጭ አገር ከአራት እስከ አምስት ዶላር የሚያወጣ ከሆነ፥ ይህ በብር ሲመነዘር ስንት የተማሪ ወርኃዊ ቀለብ እንደሚሆን ማስላት ለማንም አያስቸግርም።

ይህን የሚያባብሰው የብርቅ ካርታ ዋጋ ወሬ ነው። በ2021 አንድ የፖኪሞን ካርታ በ5 ሚሊዮን 275 ሺህ ዶላር ተሽጧል። ወሬው ሲደርስ ወጣቱ እሽግ መግዛት ሀብት መፈለጊያ ይመስለዋል። የዚያ ካርታ ታሪክ ግን ተቃራኒውን ይናገራል፤ ካርታው መጀመሪያ በጃፓን በሥዕል ውድድር ላሸነፉ ልጆች የተሸለመ እንጂ ከሱቅ እሽግ የወጣ አልነበረም።

ከሁሉ ይልቅ ሊታወቅ የሚገባው ሌላ ነው። ማጂክ ሲጀመር በደንቡ ውስጥ መያዣ ነበረው፤ ሁለቱ ተጫዋቾች ከመጀመራቸው በፊት እያንዳንዳቸው ከስብስባቸው አንድ አንድ ካርታ ያስይዛሉ፥ የረታውም ሁለቱንም ወስዶ ይሄዳል። ይህ በኢትዮጵያ የማይታወቅ ነገር አይደለም። ብይ የተጫወተ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ኪሱን ሞልቶ ወጥቶ ባዶ ኪሱን የተመለሰ ልጅ እያለቀሰ ከእናቱ ዘንድ ይገባል፥ በማግሥቱም የጠፋውን ለማስመለስ ሌላ ብይ ለመግዣ ሳንቲም ይለምናል። ከካርታው ተጫዋቾችም ብዙዎቹ የለፉበትን ካርታ በአንድ ጨዋታ ማጣትን አልወደዱም። ደንቡ ቀስ በቀስ ተተወ፤ ስለ መያዣ የሚናገሩ ካርታዎችም ከ1995 በኋላ አልታተሙም፥ በውድድርም ላይ ታገዱ። ጨዋታው ከዚያ በኋላ አልሞተም፤ ይልቁንም በሰፊው ተዘረጋ። ቁማሩ ከጨዋታው ሊለይ የሚችል መሆኑን ለሚጠራጠር ሰው ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

ከገበታው ላይ የወጣው ቁማር ግን በእሽጉ በኩል ቀርቷል፤ በእጅ ስልክም ላይ ተከትሎ ገብቷል። በ2024 የወጣው የፖኪሞን የስልክ ጨዋታ ዋነኛ ደስታው በየቀኑ እሽግ መክፈት ነው፤ ጥቂቱ በነጻ፥ ከዚያ የበለጠው በገንዘብ። መንግሥታትም ስለዚህ ነገር ማሰብ ጀምረዋል። በ2018 የቤልጅግ የቁማር ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በአንዳንድ የኮምፒዩተር ጨዋታዎች ውስጥ በገንዘብ የሚከፈቱትን ምሥጢራዊ ሣጥኖች ቁማር ናቸው ብሎ ወስኗል። ባለፉት ዓመታት የስፖርት ውርርድ ቤቶች በኢትዮጵያ ከተሞች ሲስፋፉ ያስከተሉትን የተመለከተ ሹም፥ ይህን ውሳኔ ሩቅ አገር የተደረገ ብሎ ሊያልፈው አይገባም።

የቤተ ክርስቲያንም ሕግ በዚህ ነገር ዝም አላለም። በሐዋርያት ስም የሚጠሩት ቀኖናዎች ለቁማርና ለስካር ራሱን የሰጠ ካህን ወይ ይተው፥ ወይ ከሹመቱ ይሻር ይላሉ። ይሁን እንጂ ዕጣ መጣል በራሱ ነውር አይደለም፤ ማትያስ በይሁዳ ምትክ የገባው በዕጣ ነውና። ነውሩ ሰው በዕጣ የወንድሙን ገንዘብ ለመውሰድ መቀመጡ ነው።

ንጹሕ የአእምሮ ጨዋታ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ገበጣ በመሬት ላይ ጕድጓድ ተቈፍሮ በጠጠር ወይም በፍሬ ይጫወቱታል፤ ጠጠሩ የማንም አይደለም፥ ጨዋታው ሲያልቅ ባለጠጋውም ድኻውም እኩል ባዶ እጃቸውን ይነሣሉ። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 የገበጣን ዓይነቶች ከየክፍለ ሀገሩ ሰብስቦ አሳትሟል። ሰንጠረዥም በመሳፍንት ቤት የከበረ ነበር። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋራ ይጫወቱት እንደ ነበረ ይነገራል፤ የእንግሊዙ መንገደኛ ሄንሪ ሶልትም የትግሬው ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ ማየቱን ጽፏል። የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ሌላ አገር የማይገኝ ወግ ነበረው፤ ወረራ በሚባለው በመጀመሪያው ክፍል ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ፥ አንዱ የሌላውን እስኪመታ ድረስም እንዲሁ ይቀጥላሉ። በ1935 ከጀመረው የኢጣልያ ወረራ በኋላ ግን ይህ ጨዋታ ጠፋ። በየጊዜው የሚገናኙበት ውድድር፥ ደንቡን የሚጠብቅ ማኅበር አልነበረውምና፥ መኳንንቱ ሲበተኑ አብሮ ተበተነ።

በውጭ አገር ካርታውን ያቆየው ይኸው ውድድር ነው። በ1994 በአሜሪካ የመጀመሪያው የማጂክ የዓለም ውድድር ተደረገ፤ ነገር ግን ጨዋታው የሚኖረው በየሳምንቱ በየሰፈሩ ሱቅ በሚደረገው ትንሽ ውድድር ነው። የውድድሩ ሥርዓት ስዊስ የሚባለው ነው፤ በ1895 በዙሪክ ከተማ በቼዝ ውድድር ተጀመረ። በዚህ ሥርዓት የተሸነፈ ሰው ወደ ቤቱ አይሰናበትም፤ በሚቀጥለው ዙር እንደ እርሱ ከተሸነፈ ጋራ ይገናኛል፥ የረታም ከረታ ጋራ። አሥራ ስድስት ሰዎች በአራት ዙር አንደኛውን ያውቃሉ፥ ደካማውም ቢሆን አራት ጊዜ ተጫውቶ ይሄዳል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መግቢያ የለም፤ በመጀመሪያው ቀን ሁሉን ቢሸነፍ እንኳ በመጨረሻው ዙር የሚገጥመው እንደ እርሱ ያለ ጀማሪ ነውና።

የዳኛው ደንብ ደግሞ ጥብቅ ነው። በጨዋታው ውጤት ላይ መወራረድ፥ ለመሸነፍ ጉቦ መቀበል፥ ሲደክማቸውም ሳንቲም ወርውረው አሸናፊውን መለየት የተከለከለ ነው። ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ የራሱን ካርታ በውዞ ለባላጋራው ያቀርባል፤ ባላጋራውም ዳግመኛ እንዲበውዘው ይፈቀዳል። ከእጁ ላይ ምን እንዳለ ሊሰውር ይችላል፤ በገበታው ላይ ስላለው ግን መዋሸት አይገባውም። ለጋሞ ሰው ይህ ሥርዓት እንግዳ አይሆንበትም። በዱቡሻ፥ ማለት በሕዝብ መሰብሰቢያው አደባባይ፥ ተራን ጠብቆ መናገርና ለሽማግሌ ቃል መታዘዝ የቆየ ልማድ ነው። በመስከረም 2018 ከቡራዩ የመጣው የግድያ ወሬ የአርባ ምንጭን ወጣቶች ለበቀል ባስነሣ ጊዜ፥ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው አቁመዋቸዋል፤ ወጣቶቹም ተመልሰዋል። በእጁ መሣሪያ የሌለውን ዳኛ የሚሰማ ወጣት፥ በካርታ ገበታም ዳኛውን ይሰማል ማለት ድፍረት አይሆንም።

እንግዲህ በዚህች ከተማ ጨዋታውን ለመጀመር የሚሹ ወጣቶች ቢነሡ፥ በየትኛው በር ይግቡ? በእሽጉ በር የገቡ እንደ ሆነ፥ ባለ ገንዘቡ ልጅ ብርቅ ካርታ ይዞ ይረታል፥ የሸማኔው ልጅ ቆሞ ይመለከታል። በገበታው በር ለመግባት ግን ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው ኪዩብ የሚባለው ነው። አንድ ሰው ወይም አንድ ቤት 360 የተለያዩ ካርታዎችን፥ ከተራዎቹም ቢሆን፥ አንድ ጊዜ በልክ መርጦ ይገዛል፤ ለዚህ የታሸገ ማንኛውንም መክፈት አያስፈልግም፥ ነጠላ ካርታ እየታየ ይሸጣልና። ስምንት ተጫዋቾች ሲሰበሰቡ ካርታው ተበውዞ በ15 በ15 ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ ሦስት ክፍል ይደርሰዋል። ሁሉም ከያዘው አንድ መርጦ የቀረውን ለጎረቤቱ ያስተላልፋል፤ እንዲህ እያሉ 45 ካርታ መርጠው፥ ከዚያ የሚበቃቸውን አሰልፈው ይጫወታሉ። በዚህ መንገድ የሚያሸንፈው ማስተዋል ነው፤ ባላጋራ ያለፈውን አይቶ ምን እንደያዘ መገመት፥ የተዋበውን ትቶ የሚጠቅመውን ማንሣት። ሲያበቃም ካርታው ሁሉ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል፥ እንደ ገበጣ ጠጠር።

ሁለተኛው መንገድ ከዚህም ይረክሳል። ጋርፊልድ በ1996 የደረሰው ኔትራነር የሚባል ሌላ ጨዋታ አለ፤ አሳታሚው በ2018 ካቆመው በኋላ ፈቃደኞች ተሰብስበው አዲስ ካርታ እየደረሱ አቆይተውታል፥ ካርታውንም ማንም በቤቱ እንዲያትመው በነጻ ይሰጣሉ። ወረቀት፥ መቀስና የማተሚያ መኪና ያለው የወጣቶች ማእከል አንድ ዶላር ሳይልክ ሊጀምር ይችላል። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ መሆኑ ለአንዳንዱ ያስቸግራል፤ ነገር ግን አንዲት ቃል ተሳስቶ ያነበበ ሰው ጨዋታውን ስለሚሸነፍ፥ ይህን ያህል በጥንቃቄ የሚነበብ የትምህርት መጽሐፍ ጥቂት ነው።

ከባለሥልጣኖች የሚፈለገው ብዙ አይደለም። በወጣቶች ማእከል አንድ ክፍል በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ፥ አራት ገበታ፥ ስምንት ወንበር። በበሩ ላይ የሚጻፈው ደንብም ሦስት መስመር ይበቃዋል፤ በዚህ ቤት እሽግ አይሸጥም፥ አይከፈትም፤ ገንዘብም ካርታም አይያዝም፤ ሽልማቱ መጽሐፍ ነው። ሣጥኑን የሚረከበው የቤተ መጻሕፍቱ ኀላፊ ሲሆን፥ ማታ ሲመለስ 360ው ሙሉ መሆኑን ቈጥሮ ይፈርማል።