በፈረስ ጋጣ የተከፈተ ትምህርት ቤት

ዋተርፎርድ በደቡብ አየርላንድ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። በዚያች አገር ካቶሊኮች እስከ 1782 እ.ኤ.አ. ድረስ ማስተማር በሕግ ተከልክሎባቸው ስለ ነበረ፤ የድኻ ልጅ ፊደል ሳይቈጥር በወደቡ ዳር ሲንከራተት ያድግ ነበር።

ኤድመንድ ራይስ ለመርከቦች ስንቅ በማቅረብ የከበረ ነጋዴ ነበረ። ሚስቱ በ1789 ሞተችበትና አንዲት ደካማ ሴት ልጅ ይዞ ቀረ። በ1802 በኒው ስትሪት አንድ የፈረስ ጋጣ አስጠርጎ እነዚያን ልጆች ሰበሰበ። ልጆቹ ግን በዙ፤ ሁከታቸውም በረታ። የቀጠራቸው መምህራን ደመወዝ ልጨምር ቢላቸው እንኳ ጥለውት ሄዱ። እኔም አስተማሪ ነኝና አልፈርድባቸውም! እርሱ ግን ንግዱን ትቶ ራሱ ሊያስተምር ገባ፤ ከትውልድ አገሩ ከካለን የመጡ ሁለት ጐልማሶችም ተባበሩት።

በ1803 ማውንት ሳይን የተባለው ትምህርት ቤት ሲሠራ ራይስ አንድ ነገር ልብ አለ፤ ይኸውም የተራበ ልጅ ፊደሉን ቢያየውም ልብ እንደማይለው ነው። ስለዚህ በዚያው ግቢ ሁለት ቤት ጨመረ፤ በአንዱ ዳቦ ይጋገራል፤ በሁለተኛው ልብስ ሰፊዎች ለልጆቹ ልብስ ይሰፋሉ።