ሰባት ቤት ለመቁጠር እንጦጦ ዳገት ወጣሁ

ልጄ ወደ አሜሪካ ከሄደ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። እዚያ የተወለደችው ልጁ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ ማታ በቪዲዮ ስንጫወት፣ አስተማሪዋ የየቤተሰባችሁን የዘር ሐረግ ጽፋችሁ ኑ እንዳለቻቸው ነገረችኝ። ከጎኗ የምትቀመጠው ልጅ ከአንድ የእንግሊዝ መንደር ተነስታ፣ በመርከብ ባሕር አሻግራ፣ አሥራ ሁለት ትውልድ ቆጥራ ራሷ ላይ ደርሳለች።

«የኛ ሦስት ስም ብቻ ነው። አባዬ ቀሪውን እማማ ታውቃለች አለኝ» አለችኝ።

እማማ ግን አታውቅም ነበር። በአባቴ በኩል አራት፣ በእናቴ በኩል ሁለት ቆጥሬ ቆምኩ። ሠላሳ አራት ዓመት በነርስነት ስሠራ ታማሚውን ሁሉ «በቤተሰብ ስኳር አለ? ደም ግፊት አለ?» እያልኩ ስጠይቅ ኖሬአለሁ። የራሴን አያቶች ምን እንደገደላቸው አለማወቄ የገባኝ ያን ማታ ነው።

እነሱ በመዝገብ፣ እኛ በቃል

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1538 ጀምሮ እያንዳንዱ ደብር ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን በመዝገብ እንዲጽፍ ታዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1620 በሜይፍላወር መርከብ አሜሪካ የገቡትም ስማቸው ተጽፎ ስለቆየ፣ ተወላጆቻቸው ዛሬም ወደ ኋላ ይቆጥራሉ። በእኛ አገር ልደትና ሞት በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው።

ይህ ማለት ግን አባቶቻችን አይቆጥሩም ነበር ማለት አይደለም። ርስት የሚገኘው በዘር በመሆኑ፣ ያውም በአባትም በእናትም በኩል፣ ከአቅኚው አባት መወለዱን በቃሉ ቆጥሮ በሽማግሌ ፊት ማስረዳት ያልቻለ መሬቱን ያጣ ነበር። ጋብቻም ሲታሰብ ሁለቱ ወገኖች እስከ ሰባት ቤት ይቆጣጠራሉ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሲሆን የርስቱ ክርክር ቀረ፤ ከእሱም ጋር ልጆችን ቁጭ አድርጎ ማስቆጠር እየቀረ ሄደ። ከዚያ ወዲያ የተወለድነውንና የወለድናቸውን ከተማው ወሰደን።

ውጭ አገር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እኛ ዘንድ ስም በየትውልዱ ይወርዳል፤ የአባት ስም ለልጅ፣ የአያት ስም ለልጅ ልጅ ይሆናል። እዚያ ግን የልጄ ሦስተኛ ስም የቤተሰብ ስም ተብሎ ስለተመዘገበ እዚያው ደርቆ ቀረ። የልጅ ልጄም ዘራችን ከዚያ ሰው የሚጀምር መስሏት ነበር።

አክስቴ ቤት

የእናቴ ታላቅ እህት ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ባሕር ዛፉ በሚጀምርበት ዳገት ላይ ይኖራሉ። ደብተር ይዤ፣ ስልኬን ድምፅ እንዲቀዳ አድርጌ ሄድኩ። በአባታቸው በኩል ጣታቸውን እያጠፉ ሰባት ቤት ያለምንም ማመንታት ወረዱት። የአባታቸው አባት ከመንዝ ተነስተው ከንጉሥ ምኒልክ ሠራዊት ጋር እንጦጦ የወጡት አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት ነው። የሰፈሩበት አገርም ባዶ አልነበረም፤ የካና ጉለሌ የሚሉት ስሞች የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች ስሞች ናቸው።

«በእናትዎ በኩልስ?» አልኳቸው።

እናታቸውን ጠሩ። የእናታቸውን እናት ጠሩ። ከዚያ «እሷ ጋ ይበቃል» ብለው ቡናውን አንሺ አሉኝ።

ሁለተኛ ጊዜ ስሄድም አልነገሩኝም። ሦስተኛው ቀን ግን ሠራተኛዋን ወደ ሱቅ ላኩና በሩን ዝጊ አሉኝ። አያታቸው፣ የእኔ ቅድመ አያት፣ በልጅነታቸው ከደቡብ ተማርከው የመጡ ባሪያ ነበሩ። የወተት ጥርሳቸውን ሳይነቅሉ ነው የመጡት። የቤቱ እመቤት አንድ ስም አወጡላቸው፤ ቄሱ ደግሞ የክርስትና ስም ሰጧቸው። እናታቸው ያወጣችላቸውን ስም ግን የሚያውቅ የለም። አክስቴ የአሥር ዓመት ልጅ ሳሉ አርፈዋል፤ የባርነት ማጥፊያው አዋጅ በ1934 ዓ.ም. ሲወጣ በሕይወት ነበሩ።

«ሰው አጥንት ሲቆጥር አንገታችንን እንዳንደፋ ነው ዝም ያልነው» አሉኝ አክስቴ።

ይህን ለወንድሜ ስነግረው ተቆጣ። «ለልጅ ይህ ይነገራል? ነገ ትዳር ሲመጣ ምን ሊሉን ነው?» አለ። ፍርሃቱን አልናቅኩበትም። ዘር መቁጠር ዘመድ ለማወቅ ብቻ ሳይሆን ሰው ለመናቅም ሲያገለግል ኖሯል፤ ስንት ጋብቻ በዚህ ሲፈርስ አይተናል። ግን ስድስቱን የመንዝ አባቶች ጽፌ እኚህን እናት ብዘላቸው፣ ስማቸውን ለሁለተኛ ጊዜ የምነጥቃቸው እኔ እሆናለሁ። ስለዚህ ነገርኳት።

ልጅቷ ብዙ አልተናገረችም። «ስትመጣ ስንት ዓመቷ ነበር?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ስድስት ወይም ሰባት፣ ካንቺ ታንሳለች አልኳት። የአንድ ጥቁር አሜሪካዊ ጓደኛዋ ሐረግም እንዲሁ መሐል ላይ እንደሚቆም ነገረችኝ። እውነቷን ነው፤ በአሜሪካ ባሪያ የነበሩት በብዛት በየስማቸው በሕዝብ ቆጠራ የተጻፉት እ.ኤ.አ. በ1870 ነው። በእሷ ወረቀት ላይ ሁለቱን ስሞች ጽፋ፣ ሦስተኛውን ቦታ ባዶ ተወችው።

ለመጀመር ለምታስቡ

ዛሬውኑ ከቤተሰቡ በዕድሜ ትልቁ ዘንድ ሂዱ፤ ለፋሲካ አትበሉ። የዓለም ስምንና የክርስትና ስምን ለየብቻ ጻፉ፤ አለዚያ አንዱን ሰው ሁለት ታደርጉታላችሁ። በእናት በኩል ያለውንም እኩል ጠይቁ። ዓመቱን ለማያስታውሱ፣ «ጣልያን ሲገባ ተወልደው ነበር? አብዮቱ ሲፈነዳ የት ነበሩ?» በሏቸው።

እንደ ነርስ የምጨምረው፣ ሟቹ በምን ሕመም፣ በስንት ዓመቱ እንደሞተ ጠይቁ። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም፣ የጡት ካንሰር በዘር የመደጋገም ጠባይ አላቸው። እኔ በዚህ ፍለጋ ሦስት የእናቴ ወገኖች ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆኖ እንደሞቱ ሰማሁ። እነሱ «ምች ነው» ይሉት ነበር፤ ለእኔ የደም ግፊት ይመስለኛል። በማግሥቱ ወንድሜን ጎትቼ አስለካሁት፤ ከፍ ብሎ ተገኘ። አሁን መድኃኒቱን ጀምሯል።

ዝም ያሉትን አታስገድዱ። አክስቴ ሦስት ጊዜ አስመላልሰውኛል። ባለፈው እሑድ ደውለው ግን፣ «ያን ደብተር ይዘሽ ነይ፣ የረሳሁት አለ» አሉኝ። ነገ ጠዋት እወጣለሁ።