ከ«ሚያው» ያለፈ ድምፅ

ከደባርቅ ተነስቶ በስሜን ተራሮች ወደ ሳንካበር የሚወጣ መንገደኛ ጭላዳዎቹን ብዙ ጊዜ ከማየቱ በፊት ይሰማቸዋል። ሣር እየነጩ፣ በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ ያጉረመርማሉ፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀበለዋል። ለአላፊ አግዳሚው ግን ሁሉም «የዝንጀሮ ጩኸት» ነው።

እንስሳን እንዲህ በአንድ ድምፅ ብቻ የማወቅን ነገር ከልቡ የያዘ የካርቱን ፊልም አለ። «ካትስ ዶንት ዳንስ» ይባላል፤ «ድመቶች አይጨፍሩም» እንደማለት ነው። በማርክ ዲንዳል አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ1997 ለእይታ በቃ።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1939 ነው። ዳኒ የተባለ ድመት ዘፋኝና ጨፋሪ ለመሆን ከትንሿ ኮኮሞ ወደ ሆሊውድ ይመጣል። ሥራ አገኘ። የደረሰው ንግግር ግን «ሚያው» የምትለዋ ብቻ ናት። እሷኑ በዜማና በጭፈራ አሳምሮ ሊያቀርባት ሲሞክር ዳርላ ዲምፕል የተባለችው ሕፃን ኮከብ በንዴት ትጦፋለች። ፒያኖ ሊጫወት የመጣው ዝሆኑ ዉሊም የማሞዝ ፀጉር ለብሶ የስቱዲዮው ምልክት ከመሆን አላለፈም። ፊልሙ የሚያስቀው በዳርላ ቁጣ ነው፤ የሚነካው ግን በእነዚህ ችሎታቸውን አፍነው በኖሩ እንስሳት ነው።

ዘፈኖቹን የደረሰው ራንዲ ኒውማን ነው። በጭፈራው ያማከረው ደግሞ ጂን ኬሊ ነበር፤ እሱ በ1996 በማረፉ ፊልሙ መታሰቢያ ተደረገለት። የጭፈራው ትዕይንት የቆየውን የሆሊውድ ሙዚቃዊ ፊልም ለዛ ይዟል፤ ዳኒ ሲረግጥ ሙሉ አካሉ ይዘፍናል።

ፊልሙ ለእይታ በበቃበት ዓመት የአኒ ሽልማትን በምርጥ የካርቱን ፊልምነት ወሰደ። ይሁን እንጂ ሠሪው ተርነር ከታይም ዋርነር ጋር በተዋሃደበት ወቅት የሚያስተዋውቀው አላገኘም። በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ያስገባው ገንዘብ 4 ሚሊዮን ዶላር እንኳ አልሞላም። የሚገባው ዕጣ ይህ አልነበረም።

ስሜን ላይ ግን ለጭላዳዎቹ ድምፅ ጆሮ የሰጡ ተመራማሪዎች ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የቶር በርግማን ጥናት፣ ወንድ ጭላዳዎች ሴቶቹን ሲቀርቡ ከንፈራቸውን እያማቱ የሚያወጡት አንድ ድምፅ በሰከንድ ከ6 እስከ 9 ጊዜ እንደሚርገበገብና ምቱ ለሰው ንግግር እንደሚቀርብ አሳይቷል። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዱር የማይገኘው ይህ እንስሳ ከአንድ «ጩኸት» እጅግ የበዛ ድምፅ አለው።

ፊልሙን ካገኙት ከልጆችዎ ጋር ይዩት። ሳንካበር ሲደርሱ ደግሞ ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ጥቂት ዝም ብለው ያዳምጡ።